«ንጹህ ነው፣ ራስ አያምም»

ኩዌት ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ገና አዲስ አበባ ኤጀንሲው ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ሳለ ነግረውታል። ሕጉም የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 መጠጥ ወደ አገር ማስገባትና መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ የአገሩ አየር መንገድ ሰማይ ላይ ወጥቶም አንድ ብርጭቆ አይቀዳም። ታዲያ ስለ መጠጥ ደጉና ክፉው፣ ስለ አረቄ ጥራት፣ ስለ አንጎበር መድኃኒት እንደ ኩዌት ሐበሻ የተራቀቀ ሰው ካዛንቺስም ቢፈለግ አይገኝም (ካዛንቺስ ሳትፈርስ ማለቴ ነው)። የካዛንቺሱ ጠጪ ያዝዛል፣ ይጠጣል፣ ሒሳብ ላይ ይጨቃጨቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኩዌቱ፣ የፈርዋኒያው ግን ይመራመራል።

የምርምር ቀን አርብ ነው። ማዳም የፈቀደችላት፣ ከባባ ጉዳይ የተረፈው ሾፌር፣ ምግብ ቤት የሚሠራው፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያለቀባትና ስለ እሱ ማውራት የማትፈልገው፣ ሁሉም ኸይጣን ወይም ጅሊብ ወይም ማህቡላ ባለች አንዲት ክፍል ይሰበሰባል። እንጀራው አለ። ዶሮው አለ። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ዕጣኑ የጭስ ማንቂያውን እንዳይቀሰቅስ መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ከዚያ አንዷ ተነስታ በሩ መቆለፉን ታረጋግጥና ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ አንድ የውሃ ጠርሙስ ታወጣለች። ውስጡ ያለው ውሃ አለመሆኑን ከአያያዟ ታውቃላችሁ፤ ውሃ የያዘ ሰው ጠርሙስ በሁለት እጁ አያቅፍም።

«የማን ነው?» ይጠይቃል የቡድኑ ሊቅ። በየክፍሉ አንድ ሊቅ አለ።

«የእትዬ ነው። የራሳቸው እጅ።»

«በቃ፣ እሱማ ንጹህ ነው። ራስ አያምም።»

የጥራት ቁጥጥሩ በዚሁ ይጠናቀቃል። ላቦራቶሪ የለ፣ ማኅተም የለ፣ የተመረተበት ቀን የለ፤ የእትዬ ጸባይ አለ። እትዬ አጽዋማትን ይጾማሉ፣ ለታመመ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ የሞተ ሰው አስከሬን አገሩ እንዲገባ ከሁሉም ፊት ቀድመው ይሮጣሉ። እንዲህ ያሉ ሴትዮ የሚያወጡት አረቄ እንዴት ሰው ይጎዳል? ጥያቄው ራሱ ነውር ነው።

በነገሩ ላይ ግን ሃይማኖቱ አንድ ቢሆንም ወገኑ ብዙ ነው። የጠላው ወገን «ጠላ ምግብ ነው» ይላል። ጌሾው ከሽሮውና ከበርበሬው መሃል ተሸጉጦ በሻንጣ መጥቷል፤ ጉምሩክ ቢጠይቅ የሆድ መድኃኒት ነው ተብሎ ይመለሳል። ብቅሉ በጠፋ ጊዜ የደረቀ ዳቦ ተተክቶበታል፤ ጋኑም የፕላስቲክ ባልዲ ሆኗል። ይህ ወገን አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ ጠላ ሲብላላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ጎረቤት ያንኳኳል።

የወይኑ ወገን ጨዋ ነው። ከጀምዕያ፣ ከሠፈሩ የኅብረት ሱቅ፣ የወይን ጭማቂ ይገዛል፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ስለ ልብ ጤና ያስተምራል። «ሐኪም እኮ ያዝዘዋል፣ ለደም ጥሩ ነው።» ያዘዘው ሐኪም ማን እንደሆነ ተነግሮ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና የማያሰጋ የሚባል የመጠጥ መጠን የለም ብሎ በይፋ ሲናገር ይህ ወገን ያልሰማው፣ በዚያች ደቂቃ ብርጭቆ እያጋጨ ስለነበር ይመስለኛል።

የአረቄው ወገን ደግሞ ሒሳብ ያውቃል። «እኔ እንደ እናንተ ባልዲ አልገለብጥም፤ ሁለት መለኪያ፣ በቃኝ።» ይህን የሚለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው፤ ጨዋነቱ ያስቀናል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራለት። የተለመደው የቤት ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል አልኮል አለው፤ ዳግም አረቄ 45 አካባቢ ይደርሳል። ግማሽ ሊትር ጠላ የሚገለብጠው ሰው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹህ አልኮል ሲያስገባ፣ ጨዋው ወንድማችን በአንዲት 50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብቻ 22 ተኩል አስገብቷል። ሁለቱ መለኪያዎቹ ባልዲ ገልባጭ የሚላቸውን የሦስት ሰዎች ድርሻ ይዘዋል ማለት ነው። ያውም ዳግሙ እውነት ዳግም ከሆነ፣ መለኪያውም የቡና ሲኒ ካልሆነ። ብዙ ጊዜ የቡና ሲኒ ነው።

ከሁሉ በላይ የተቀመጠው የዊስኪው ወገን ነው። ይህ ወገን ቁጥሩ ትንሽ፣ ድምፁ ትልቅ ነው። «እኔ ኦሪጅናል ካልሆነ አልነካም» ይላል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2016 ለቤት ሠራተኛ የወሰነችው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 60 ዲናር ነው፤ በድብቅ ገበያ አንድ ጠርሙስ ዊስኪ ይህን ገንዘብ ሊውጠው ይችላል። አንዲት እህት ወሩን ሙሉ መስታወት ስትወለውል የምታገኘውን እሱ በአንድ ማታ ያስጮኸዋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን ጤና ነው። ጠርሙሱ ኦሪጅናል ነው፣ ክዳኑም ኦሪጅናል ነው፤ የውስጡን ኦሪጅናልነት የሚያውቀው ክዳኑን መልሶ የገጠመው ሰው ነው።

ይባስ ብሎ ኦሪጅናሉም ቢሆን ለጭንቅላት የተለየ ርኅራኄ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ወጣቶችን ሰብስቦ ለአንዳንዱ ቦርቦን የሚባለውን ዊስኪ፣ ለሌላው ቮድካ አጠጥቶ ነበር። ቦርቦን ቀለምና ጣዕም ከሚሰጡት የመብላላት ትርፍራፊዎች ከቮድካው 37 እጥፍ ይዟል። ጠዋት ላይ የቦርቦኖቹ አንጎበር ከቮድካዎቹ የባሰ ሆነ። በሥራና በንቃት ሲፈተኑ ግን ሁለቱም ወገን እኩል ደንዝዞ ተገኘ። ነጣ ያለ መጠጥ ራስ ምታቱን ሊያቀልል ይችላል፤ የተበላሸውን ቅዳሜ ግን አይመልስም።

ይህን ሁሉ የሚያስንቅ ሰው ግን ሳልሚያ ሠፈር አይቻለሁ። ጤናውን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ጠዋት ባሕር ዳር ይሮጣል፣ ዳቦ ቀንሷል። አስተናጋጇ ባርቢካን አቀረበችለት፤ በየጀምዕያው የሚሸጠው አልኮል የሌለበት የብቅል መጠጥ ነው፤ ከእሱ ጎን ሙሲውም ሆልስተኑም ዜሮ ዜሮ ተብለው ተደርድረዋል። ሰውየው ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ጽሑፉን በጥሞና አነበበ። «አየሽ ስኳሩን? ይሄ እኮ መርዝ ነው» አለና መለሰላት። ከዚያ ጽሑፍ ከሌለው የላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፉ ተቀዳለት። አነባበቡ የሚያስመሰግን ነበር፤ የሚነበብ ነገር ያለበትን ሁሉ ይጠረጥራል፣ የማይነበበውን ያምናል።

የሁለት ዓመት ኮንትራት ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ትርኢት አለ። ወደ አዲስ አበባ በሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ የቀበቶው መብራት ገና ሳይጠፋ ዓይኖች ሁሉ ጋሪዋን ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ቢራ ለናፍቆት ነው፣ ሁለተኛው ለነፃነት፣ ሦስተኛው ነፃ ስለሆነ ነው። እዚያ በሩን ቆልፎ በሹክሹክታ ይጠጣ የነበረው ወንድም አሁን ከኋላ ወንበር እስከ ፊት በሚሰማ ድምፅ «እህቴ፣ ድገሚኝ» ይላል። ቦሌ እናት አበባ ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው ሻንጣውን ሳይሆን ጋሪውን ተደግፎ ሲወጣ «አይ የአረብ አገር፣ እንዴት አድርጋ አደከመችብኝ!» ብለው ያለቅሳሉ።

ወደ አንጎበሩ እንምጣ፤ ሊቃውንቱ የሚበዙት እዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማዳም ቤት የሚነቃው ራስ ከሌላው ዓለም ራስ ይልቅ ይታዘንለታል። አገር ቤት የሰከረ ሰው እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ቅቅል ይፈላለታል፣ ዱለት ይጠበስለታል፣ ሚስት ታኮርፋለች፣ ነገሩ ያልቃል። እዚህ ግን በ12 ሰዓት የልጆቹ ቁርስ አለ፤ ከዚያ ሳሎኑ በበኹር ይታጠናል። ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚከብደው ያ የዑድ ጭስ አንጎበር በያዘው አፍንጫ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የደረሰባት ታውቃለች። ደግሞ ሽታ አለ። ማዳም በሕይወቷ ባትቀምሰውም ለይታ ታውቀዋለች። ስለዚህ ቅርንፉድ ይታኘካል፣ ናዕናዕ ይታኘካል፣ ጥርስ ደጋግሞ ይፋቃል፤ በመጨረሻ ሁሉም ሽታ ባንድነት ይወጣል።

ከውጭ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ኩዌት ውስጥ ሚትሪባህ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 የተለካው 53.9 ዲግሪ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። መንግሥት ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ደጅ ላይ ሥራ የከለከለው አለምክንያት አይደለም። አልኮል ደግሞ ሰውነት ውሃውን እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ዝም ያሰኘዋል፤ ከገባው በላይ ይወጣል። ማታ እየጠጡ ሲያስሸና ያመሸ ሰው በዚህ ፀሐይ የባባን መኪና ሲያጥብ ማየት ነው።

መድኃኒቱስ? አንዱ ለበን ይላል፤ አንዱ ኢንዶሚ በብዙ በርበሬ፤ አንዱ ሎሚ በጨው። አንዷ ከመጠጣትሽ በፊት አንድ ማንኪያ ዘይት ዋጪ ትላለች። «ቢራ ከአረቄ በፊት ከሆነ አይጎዳም፣ የሚያሳብደው መገልበጡ ነው» የሚልም አለ። ይህን የመጨረሻውን ጀርመኖች ከምር ወስደው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት 90 ሰዎች ላይ ቢራና ወይን እያቀያየሩ ሞክረውታል፤ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አላመጣም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ እስከዚያ በወጉ የተፈተሹትን የአንጎበር መድኃኒቶች አገላብጦ፣ ይከላከላል ወይም ያድናል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ቡናም ጉበትን አያጣድፍም፤ የነቃ ሰካራም ይፈጥራል እንጂ። ውሃ ጥማትን ይቆርጣል፣ ምግብ ሆድን ያረጋጋል፣ የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። ኩዌት ያለ ሰው የሌለው ደግሞ ይኸው ሰዓት ነው።

በመካከሉ ፓናዶል አለ። ፓናዶል በአረብ አገር የሐበሻ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ለወገብም፣ ለናፍቆትም፣ ማዳም ለጮኸችበት ጆሮም ይዋጣል። አልኮል ሲያስወግድ ያደረ ጉበት ላይ ፍሬ በፍሬ መደራረቡ ግን ለዚያው ጉበት ሌላ የሌሊት ፈረቃ መስጠት ነው። ይህን ስትነግሯቸው «እኔ አንድ አይሠራልኝም፣ አራት ነው የምውጠው» ይሏችኋል፤ በኩራት።

እስካሁን ያለው የሚያስቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ የሆነው ግን አያስቅም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በኩዌት ሆስፒታሎች በመጠጥ የተመረዙ ሰዎች ይጎርፉ ጀመር። የአገሩ ጤና ሚኒስቴር ቁጥሩን ሲያወጣ የተመረዙት 160፣ የሞቱት 23 ነበሩ፤ ሚኒስቴሩ እንዳለው ሁሉም የእስያ አገራት ዜጎች ናቸው። ቢያንስ 51ዱ አስቸኳይ የኩላሊት እጥበት፣ 31ዱ የመተንፈሻ ማሽን አስፈልጓቸዋል፤ ዓይናቸው የጠፋ ወይም የፈዘዘም ነበሩ። ፖሊስ 67 ሰዎች ያዘ፤ በመኖሪያና በኢንዱስትሪ ሠፈሮች ውስጥ የነበሩ መጥመቂያዎችንም ዘጋ። ከተጠቀሱት ሠፈሮች አንዱ ጅሊብ ነው፤ የእኛም ሠፈር።

ገዳዩ ሜታኖል ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ ለማሟሟያና ለመሳሰለው የሚውል የአልኮል ዓይነት ነው፤ መልኩ ውሃ፣ ሽታውም ሰው ከሚጠጣው ወንድሙ በቀላሉ አይለይም። እህልና ስኳር በወጉ ተብላልቶ ሲወጣ የሚኖረው ሜታኖል ኢምንት ነው፤ ሰው የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ጥማቂውን ለማብዛት ከበርሜል ሲጨመር ነው። ጉበት ሊያስወግደው ሲታገል ጉንዳን ወደሚነድፍበት አሲድ፣ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ያ አሲድ የዓይንን ነርቭ ይመርጣል። 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

የሊቃችን መለኪያ ገደል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ራስ አያምም» ይል የለም? ሜታኖልም መጀመሪያ ላይ አያምም። ስካሩ ለስለስ ያለ ነው፤ ጠጪው ተኝቶ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ደህና ነኝ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ነው ሆድ የሚቆርጠው፣ ትንፋሽ የሚፈጥነው፣ ዓይን ፊት ነጭ ጉም የሚጋረደው። አመስግኖ የላከው ምስክርነት ቀድሞ ሠፈሩን አዳርሷል። ሁለተኛው ፈተና፣ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት መጫሩ፣ ከዚህም የባሰ ነው። «ሰማያዊ ነደደ፣ ንጹህ ነው!» ይባላል። ሜታኖልም በሰማያዊ ይነዳል፤ ነበልባሉ እንዲያውም ከኤታኖሉ የደበዘዘ ነው። ፈተናው ያረጋገጠው ነገር ቢኖር ማንኪያው መሞቁን ነው።

ዜናው የተሰማ ሳምንት አርብ ክፍሉ ጸጥ ይላል ብዬ ነበር። ከንፈር ተመጠጠ፣ ነፍስ ይማር ተባለ። ከዚያ ሊቁ ጉሮሮውን ጠራርጎ «የእነሱ እኮ ኬሚካል ነው፤ የእኛ የእህል ነው» ሲል ሁሉም ተነፈሰ። እትዬን ማንም አልጠየቀም። እትዬም ሰው ናቸው፤ በዓል ደርሶ ትዕዛዝ ሲበዛባቸው ከአንድ «ከማውቀው ልጅ» ሞላ ያደርጋሉ። ልጁም ከሚያውቀው ሰው ያመጣል። ያ ሰው ከማን እንደሚያመጣ ለመጠየቅ ይሉኝታ አለ።

የታመመ ሲኖርም ያው ነው። «ሆስፒታል ብሄድ ፖሊስ ይጠሩብኛል፣ ዲፖርት ይሉኛል» ተብሎ ለበን ይጠጣል፣ ይተኛል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ በመጠጥ የተያዘ የውጭ ዜጋ ከአገር መባረሩ የታወቀ ነው። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ከአገር የተባረረ ሰው ቢያንስ የሚሳፈርበትን አውሮፕላን ያያል።

ወሬው በዚህ ሊበቃ ነበር፤ ሊቁ ግን ስልኩ ላይ አንድ ነገር አግኝቶ መጣ። ለሜታኖል መርዝ ማርከሻ አንዱ ራሱ ኤታኖል ነው፣ ማለትም ተራው አልኮል። እውነቱን ነው፤ ጉበት ኤታኖል ካገኘ እሱን ያስቀድማል፣ ሜታኖሉም አሲድ ሳይሆን ቆይቶ በኩላሊት እጥበት ይወጣል። ፎሜፒዞል የሚባለው መድኃኒት በሌለበት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ሊቁ ፊቱ በራ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰደብበት የኖረው ጨብሲ በሳይንስ ተመሰከረለት!

«እንግዲህ ሰማችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሁለት ማለት ሕክምና ነው።»

ክሊኒክ በጽዳት የምትሠራ አንዲት እህት እስከዚያ ዝም ብላ ቡና ትቆላ ነበር። «ወንድሜ፣» አለችው፣ «ሐኪሙ አስተኝቶ፣ በየሰዓቱ ደም እየቀዳ፣ እየለካ ነው የሚሰጠው። አንተ በምን ልትለካ ነው?»

ሊቁ ሲኒውን ከፍ አድርጎ አሳያት። «በመለኪያ!»